ስሙ ቢቀየር ፋይሉ ያው ነው
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ኮምፒውተር

ሰላም ናችሁ ወዳጆቼ። ሰሞኑን የሚደርሱኝ ጥያቄዎች ብዙዎቹ ሲጠቀለሉ አንድ ናቸው፤ «ፕሮግራሙ እንቢ አለኝ» ነው ነገሩ። አንዱ ከላፕቶፕ ወደ ስልክ ገልብጦ፣ አንዷ ከዊንዶውስ ወደ ማክ ተዛውራ፣ ሌላው የድሮ ዲስኬት ከሳጥን አውጥቶ። ስለዚህ በዚህ እትም የሌላውን ጥያቄ ወደ ጎን ትቼ ይሄንን ብቻ ይዣለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ጓደኛዬ ላፕቶፕ ላይ ያለ የእንግሊዝኛ አማርኛ መዝገበ ቃላት ወደድኩትና ኤግዚ ፋይሉን ስልኬ ላይ ገለበጥኩት፣ ስልኬ አንድሮይድ ነው። ስነካው ምንም አይልም። ከዛ ስሙ መጨረሻ ላይ ያለውን ዶት ኤግዚ አጥፍቼ ዶት ኤፒኬ ብዬ ጻፍኩበት፣ አሁን ለመጫን ሞከረ ግን ፓኬጁን ማንበብ አልተቻለም አይነት ነገር ብሎ ተወው። የቱ ጋ ነው የተሳሳትኩት? የዩኒቨርስቲ ተማሪ፣ ከጅማ

መልስ፦ ይሄን ብዙ ሰው ይሞክረዋል ወንድሜ። ነገሩ እንዲህ ነው፣ ከፋይል ስም መጨረሻ ያለችው ነጥብና ከነጥቧ ቀጥሎ ያሉት ፊደሎች ጣሳ ላይ እንደሚለጠፍ ወረቀት ናቸው። የጨው ጣሳ ላይ ስኳር ብለህ ብትጽፍ ሻይህ አይጣፍጥም። ስልክህም ወረቀቱን አይቶ ኤፒኬ ነው ብሎ ከፈተው፣ ሲቀምሰው ሌላ ነገር ሆነበት፣ ተወው።

እንዴት ነው የሚቀምሰው ካልከኝ ራስህ ማየት ትችላለህ። ላፕቶፑ ላይ ኖትፓድ ክፈትና ያንን ኤግዚ ፋይል ጎትተህ ጣልበት። ዝብርቅርቅ ያለ ነገር ይመጣል፣ አትደንግጥ፣ ብቻ ሴቭ እንዳታደርገው። ገና ሲጀምር ያሉትን ሁለት ፊደሎች ተመልከት፤ ኤም እና ዜድ ናቸው። ሌላ ኤግዚ ብትከፍትም እነሱው ናቸው፣ አንድ ሺህ ኤግዚ ብትከፍትም እነሱው። የማርክ ዝቢኮውስኪ የስሙ መነሻዎች ናቸው፣ የዶስን (ከዊንዶውስ በፊት የነበረ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ነው) የኤግዚ ፎርማት የነደፈው የማይክሮሶፍት ባለሙያ ነው። ትንሽ ዝቅ ስትል ደግሞ ከዛ ሁሉ ዝብርቅርቅ መሀል አንድ የሚነበብ የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ታገኛለህ፣ ትርጉሙ «ይህ ፕሮግራም በዶስ ሊሰራ አይችልም» ነው። ይቺ ዝም ብላ የተጻፈች አይደለችም፣ ራሷን የቻለች ሚጢጢ የዶስ ፕሮግራም ውስጥ ነው ያለችው፣ ስራዋም ያንን መልዕክት አሳይቶ መውጣት ብቻ ነው። ዊንዶውስ ኤንቲ በ1993 ሲወጣ ፒኢ የሚባል አዲስ ፎርማት ይዞ ነበር የመጣው፣ ያኔ ግን አብዛኛው ሰው ጋ ዶስ ስለነበር አዲሱን ፋይል ዶስ ላይ ያስነሳ ሰው ማሽኑ ከሚደርቅበት ቢያንስ ምክንያቱን ይወቅ ተብሎ ተቀመጠች፤ ይኸው ከ30 ዓመት በኋላ ዛሬ ያወረድከው ፕሮግራም ውስጥም አለች። እኔ ይቺን ዓረፍተ ነገር ባየኋት ቁጥር ደስ ትለኛለች፣ ከዓመታት በፊት አንድ ሰው ለማያውቀው ተጠቃሚ ተጨንቆ ያስቀመጣት ነገር ናት።

የሊኑክስ (እንደ ዊንዶውስ ያለ ሌላ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ነው) የፕሮግራም ፋይል አንድ የማይነበብ ባይት ካለፈ በኋላ ኢ፣ ኤል፣ ኤፍ ብሎ ይጀምራል። የማክ ደግሞ መለያ ቁጥሩ በሄክሳዴሲማል (ከቁጥር ጋር ከኤ እስከ ኤፍ ያሉ ፊደሎችን በሚጠቀም አጻጻፍ) ሲጻፍ «ፊድፌስ» ተብሎ ይነበባል፣ 64 ቢቱ ላይ የመጨረሻዋ ፊደል ብቻ ትለያለች። ኤፒኬህን ብትከፍተው ፒ እና ኬ ታገኛለህ፣ ይሄ የዚፕ ፎርማት ምልክት ነው፣ የዚፕ ፈጣሪ ፊል ካትዝ የስሙ መነሻ። ኤፒኬ ማለት እኮ ዚፕ ነው! ካላመንከኝ የአንዱን ኤፒኬ ኮፒ ወስደህ መጨረሻውን ዶት ዚፕ በለው፣ ይከፈታል፣ ውስጡም ክላስስ ዶት ዴክስ የሚል ፋይል ታያለህ፣ የፕሮግራሙ ዋና ስራ ያለው እዛ ውስጥ ነው። ይሄኛው ስም መቀየር የሰራው ጣሳው ውስጥ የነበረው ከመጀመሪያውም ዚፕ ስለሆነ ነው።

ለመዝገበ ቃላቱ በቀጥታ ለአንድሮይድ የተሰራ ከፕሌይ ስቶር ፈልግ፣ አሉ፣ ጥሩ ጥሩዎቹም ነጻ ናቸው።

ጥያቄ፦ ፕሪንት ቤት አለኝ። የደንበኛ ፍላሽ ስሰካ ፎልደር ይታየኛል፣ ክሊክ ሳደርገው አንዳንዴ ይከፈታል አንዳንዴ ምንም አይልም፣ ከዛ በኋላ ግን የሁሉም ደንበኛ ፍላሽ እንደዛው ይሆናል፣ ሰነዳቸውም ይጠፋል። ሰው ከኔ የጠፋበት እየመሰለው ተቸግሬያለሁ። ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ያ ፎልደር ፎልደር አይደለም። ኤግዚ ነው። ከላይ ለጅማው ልጅ ስለ ወረቀትና ጣሳ ያወራሁት እዚህ ጋ ክፉ ጎኑን ያመጣል። የዊንዶውስ ፕሮግራም የሚለብሰውን ስዕል፣ አይከኑን ማለቴ ነው፣ ራሱ ውስጥ ይዞት ነው የሚዞረው፣ ስለዚህ ቫይረሱን የሰራው ሰው ቢጫዋን የፎልደር ስዕል አልብሶታል። ዊንዶውስ ደግሞ ሲጫን ጀምሮ የሚያውቃቸውን ኤክስቴንሽኖች ይደብቃል። «ፎቶ» ብሎ የሚያሳይህ ፋይል ሙሉ ስሙ «ፎቶ ዶት ኤግዚ» ነው፣ እውነተኛው ፎልደርህ ግን እዛው ፍላሽ ላይ ተደብቆ አለ። ሰነዱ አብዛኛውን ጊዜ አልጠፋም ማለት ነው፣ ይሄንን ለደንበኞችህ ንገራቸው።

ዛሬውኑ አንድ ነገር አድርግ። ዊንዶውስ 10 ከሆነ ፎልደር ከፍተህ ቪው የሚለው ውስጥ «ፋይል ኔም ኤክስቴንሽንስ» የምትለዋን ምልክት አድርግባት፣ ዊንዶውስ 11 ከሆነ ቪው ከዛ ሾው ከዛ እሷኑ። ከዛ በኋላ ፎልደር መስሎ መጨረሻው ላይ ኤግዚ የሚል ካየህ እጅህን አታሳርፍበት። እኔ ራሴ ፍላሽ ለማጽዳት የምጠቀመው ዘዴ ደግሞ አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ኡቡንቱ የሚባለውን ሊኑክስ ጭኖ እሱ ላይ መሰካት ነው፣ ሊኑክስ ኤግዚን እንደ ፕሮግራም ስለማያስነሳው፣ ዋይን የሚባለውን የዊንዶውስ ፕሮግራም ማስነሻ ካልጫንክበት በስተቀር ማለቴ ነው፣ ቫይረሱ እንደ ድንጋይ ዝም ብሎ ይቀመጣል፣ በዛ ላይ የዊንዶውስን የመደበቂያ ምልክት ሊኑክስ ስለማይቆጥረው የተደበቁት የደንበኛው ፎልደሮች ወለል ብለው ይታያሉ። ሰነዱን ትገለብጣለህ፣ ኤግዚዎቹን ታጠፋለህ፣ ፍላሹን ትመልሳለህ። የዊንዶውስ ማሽኖችህን ግን በደንብ ስካን አስደርጋቸው፣ ያለዚያ ያጸዳኸው ፍላሽ ተመልሶ ይያዛል።

ስልክ ላይም ያው ነው፤ በቴሌግራም ፎቶ ነው፣ የሰርግ ጥሪ ነው ተብሎ የመጣ ነገር መጨረሻው ኤፒኬ ከሆነ ፎቶ አይደለም። አትጫኑት፣ የላከው የምታውቁት ሰው ቢሆን እንኳ መጀመሪያ ደውላችሁ ጠይቁት።

ጥያቄ፦ የሂሳብ ባለሙያ ነኝ። ወንድሜ ከአሜሪካ ኤም 2 ማክቡክ ላከልኝ፣ በጣም የሚያምር ነው፣ ግን ፒችትሪ አልጫን አለኝ። እዚህ ያሳየሁት ባለሙያ ፎርማት ተደርጎ ዊንዶውስ ይጫንበት አለኝ፣ ሌላው ደግሞ ዋይን የሚባል አለ አለኝ። የደንበኞቼ ሂሳብ በሙሉ ፒችትሪ ላይ ነው። ምን ላድርግ? ከአዳማ

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ፎርማት የሚለውን ሰውዬ አቁሚው። ምክንያቱን ልንገርሽ፣ ትንሽ ይረዝማል ግን ሌላ ጊዜም ይጠቅምሻል።

አንድ ፕሮግራም አንድ ማሽን ላይ እንዲሰራ ሶስት ነገር መግጠም አለበት። ደብዳቤ አድርጊና አስቢው። አንደኛ ፖስታው ነው፣ ከላይ ያልኩት ኤም ዜድ ምናምን፣ ማክ የሌላ ሰው ፖስታ ስለሆነበት ገና ከበር ይመልሰዋል። ሁለተኛ ደብዳቤው የተጻፈበት ቋንቋ ነው፣ ይሄ የፕሮሰሰሩ ጉዳይ ነው፤ ፒችትሪ የተጻፈው በኢንቴልና በኤኤምዲ ፕሮሰሰሮች ቋንቋ ነው፣ ያንቺ ኤም 2 ግን የአርም ቋንቋ ነው የሚሰማው። ሶስተኛ፣ ሰው የሚረሳው ይሄንን ነው፣ ደብዳቤው ውስጥ «እከሌን ጥራልኝ፣ እከሊትን መስኮት ክፈቺልኝ በላት» የሚል ትዕዛዝ አለ፣ እነ እከሌ ደግሞ የዊንዶውስ ሰፈር ሰዎች ናቸው፣ ማክ ሰፈር ውስጥ የሉም። ፋይል መክፈት፣ ፕሪንተር መጥራት፣ ስክሪን ላይ መጻፍ፣ ይሄን ሁሉ ፕሮግራሙ ራሱ አይሰራውም፣ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙን ነው የሚለምነው። ባንቺ ሁኔታ ሶስቱም አልገጠሙም።

አሁን የሰማሻቸውን ስሞች እናስቀምጣቸው። አፕል ፕሮሰሰር ሲቀይር ያሁኑ የመጀመሪያው አይደለም፤ በ1994 ከሞቶሮላ ወደ ፓወርፒሲ ሄደ፣ በ2006 ወደ ኢንቴል፣ በ2020 ወደ ራሱ ቺፕ። በተቀየረ ቁጥር የድሮ ፕሮግራሞች እንዳይቀሩ አስተርጓሚ ያዘጋጃል፣ ያሁኑ ሮዜታ 2 ይባላል። ግን ሮዜታ የሚተረጉመው ቋንቋውን ብቻ ነው፣ ለኢንቴል ማክ የተሰራን ፕሮግራም ለአዲሱ ማክ። ሰፈሩን አይቀይርም። ዋይን ደግሞ ተቃራኒው ነው፣ ቋንቋውን አይነካም፣ የዊንዶውስ ሰፈር ሰዎችን አንድ በአንድ ራሱ ሰርቶ ያስቀምጣል፣ ፕሮግራሙ «እከሌን ጥራ» ሲል እሱን የሚመስል ሰው ይወጣለታል። ማክ ላይ ሁለቱን ደራርቦ የሚያሰሩ አሉ፣ ለቀላል ፕሮግራም ይሰራል። ፒችትሪ ግን ቀላል አይደለም፤ ፐርቫሲቭ የሚባል ዳታቤዝ ከጀርባው እንደ ሰርቪስ መነሳት አለበት፣ እሱ ካልተነሳ የድርጅቱን ፋይል አይከፍትም። የደንበኛ ሂሳብ የያዘን ነገር እንዲህ ባለ ድርብርብ ላይ አላስቀምጥም፣ አንቺም አታስቀምጪ።

ፎርማት አድርጎ ዊንዶውስ መጫን የሚባለው ድሮ ኢንቴል ማክ ላይ ይሰራ ነበር፣ ቡት ካምፕ ይባላል፣ ኤም 1 ከመጣ በኋላ ግን የለም። ሰውዬው የሚያውቀው የድሮውን ይሆናል። ኤም 2 ላይ የሚቻለው ፓራለልስ በመሰለ ፕሮግራም ማክ ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር ፈጥሮ የአርም ዊንዶውስ 11 መጫን ነው፣ ይሄ ዊንዶውስ የኢንቴል ፕሮግራሞችን እየተረጎመ ያስነሳል፣ ብዙው ይሰራል፣ ድራይቨር የሚፈልግ ነገር ግን እምቢ ይላል ምክንያቱም ድራይቨር ራሱ የአርም መሆን አለበት። በዛ ላይ የፓራለልስ ክፍያ አለው።

የኔ ምክር ይሄ ነው፤ ፒችትሪሽን ያለበት የዊንዶውስ ማሽን ላይ ተዪው፣ ዊንዶውሱ ፕሮ ከሆነ ሪሞት ዴስክቶፕ ክፈቺበት፣ ሆም የሚባለው ይሄንን አይፈቅድም፣ ከዛ ከማክቡክሽ የማይክሮሶፍትን የሪሞት ዴስክቶፕ አፕ (አሁን ስሙ «ዊንዶውስ አፕ» ነው) ጭነሽ በቢሮው ዋይፋይ ግቢበት። ስክሪኑ ማክሽ ላይ ይታያል፣ ስራው ግን እዛው ዊንዶውሱ ላይ ነው የሚሰራው፣ ሶስቱም ጥያቄ በአንዴ ይፈታል። መብራት ሲጠፋ ማሽኑ እንዳይዘጋ ዩፒኤስ ያስፈልግሻል፣ ሂሳብ እየመዘገብሽ ድንገት ቢጠፋ ዳታቤዙ ሊበላሽ ይችላል። ባክአፑንም በየቀኑ ወደ ማክሽ ገልብጪ።

እግረ መንገዴን ለሌሎቻችሁ፣ ላፕቶፕ ልትገዙ ወይ ዘመድ ሊልክላችሁ ሲጠይቃችሁ ስለ ራምና ስለ ሃርድ ዲስክ ከመናገራችሁ በፊት እንጀራችሁ የተመሰረተበትን ፕሮግራም ስም ንገሩት። እኔን አንድ ሱቅ «ሁሉም ነገር ይሰራበታል» ብሎ የሸጠኝ ላፕቶፕ ዋናውን የስራዬን ፕሮግራም አልቀበልም ብሎ ሶስት ወር ተቀምጦ ተሸጧል፣ በኪሳራ፣ ያ ገንዘብ አሁንም ይቆጨኛል።

ጥያቄ፦ ጌም ስከፍት ቪሲ ራንታይም 140 ዶት ዲኤልኤል የለም ይለኛል። አንድ ድረ ገጽ ላይ ፋይሉን ብቻውን አገኘሁት፣ ላውርደው? ከሐዋሳ

መልስ፦ አታውርድ። ማን ምን እንደከተተበት አይታወቅም። ከማይክሮሶፍት ገጽ «ቪዥዋል ሲ ፕላስ ፕላስ ሪዲስትሪቢዩተብል» የሚለውን አውርድና ኤክስ 64ቱንም ኤክስ 86ቱንም ጫን፣ ዊንዶውስህ 64 ቢት ቢሆን እንኳ ጌሙ 32 ቢት ከሆነ የሚፈልገው ኤክስ 86ቱን ነው። ዲኤልኤል ማለት ቅድም ያልኩት የሰፈር ሰው ነው፣ ፕሮግራሙ ሲጠራው ቤቱ የለም። ደግሞ ሰው የሚሳሳትበት አንድ ነገር፣ ሲስተም 32 የሚለው ፎልደር ውስጥ ያሉት 64 ቢቶቹ ናቸው፣ 32 ቢቶቹ ያሉት ሲስ ዋው 64 የሚለው ውስጥ ነው። አዎ፣ ተገላቢጦሽ ነው፣ የድሮ ፕሮግራሞች ሲስተም 32 የሚለውን ስም ስለለመዱ ማይክሮሶፍት ስሙን መንካት ፈርቶ ነው። ስለዚህ በእጅ እየገለበጡ መሞከር ብዙ ጊዜ ነገሩን ያባብሰዋል። እና «ትክክለኛ የዊን 32 አፕሊኬሽን አይደለም» የሚል መልዕክት ከመጣብህ መጀመሪያ የፋይሉን መጠን አረጋግጥ፣ ኔትወርክ ተቋርጦ ግማሹ ብቻ ወርዶ ሊሆን ይችላል።

ጥያቄ፦ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ነኝ። አሮጌው ላፕቶፔ ዊንዶውስ ከበደውና ኡቡንቱ ጫንኩበት፣ ፈጠነልኝ። አሁን ፓወር ግዕዝ በዋይን እንዴት ልጫን? ደግሞ ድሮ የጻፍኳቸው ፈተናዎች ሲከፈቱ የእንግሊዝኛ ፊደልና የምልክት ክምር ሆነው ነው የሚመጡት። ከባህር ዳር

መልስ፦ መምህር፣ ለኡቡንቱ ፓወር ግዕዝ አያስፈልግዎትም። እንዲህ ያለው የመጻፊያ ፕሮግራም የዊንዶውስን ኪቦርድ መሀል ገብቶ እየጠለፈ ነው የሚሰራው፣ ዋይን ውስጥ ቢነሳ እንኳ ከዋይን ውጪ ላሉት ለሊብረ ኦፊስና ለፋየርፎክስ አይደርስላቸውም። ሊኑክስ የራሱ አለው፤ አይባስ ኤም 17 ኤን የሚለውን ጥቅል ይጫኑና ሴቲንግ ውስጥ ኪቦርድ ጋ ገብተው አማርኛ ሰራ የሚለውን ይጨምሩ፣ «ሰ» ለማምጣት ኤስና ኢን ይጫኗቸዋል፣ ለለመደ ጣት አንድ ቀን አይፈጅበትም። ኪይማን የሚባለውም አለ፣ ጥሩነቱ ያው የአማርኛ ኪቦርድ በዊንዶውስም በማክም በሊኑክስም በአንድሮይድም በአይፎንም ስላለ የትም ቢሄዱ ጣትዎ አይጠፋበትም።

ዋይንን ግን እንዳላጣጥለው። በ1993 ተጀምሮ 1.0 የተባለው እትሙ የወጣው በ2008 ነው፣ 15 ዓመት! የዊንዶውስን አገልግሎቶች ውስጣቸውን ሳያዩ ከውጪ እየተመለከቱ አንድ በአንድ መስራት ቀላል አይደለም። ቫልቭ የሚባለው የጌም ኩባንያ በ2018 ፕሮቶን ብሎ በዚሁ ላይ ተመስርቶ ካወጣው በኋላ ደግሞ ብዙ የዊንዶውስ ጌሞች ሊኑክስ ላይ ይነሳሉ፣ በ2022 ያወጣው ስቲም ዴክ በእጅ የሚያዝ ጌም መጫወቻም ውስጡ ሊኑክስ ነው። ለማስተማሪያ የሚጠቀሙባት ትንሽ የዊንዶውስ ፕሮግራም ካለች ይሞክሩ፣ የመስራት እድሏ ጥሩ ነው።

የድሮ ፈተናዎችዎ ችግር ሌላ ነው። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ የዓለም ፊደላት ሁሉ የጋራ ኮድ ማለት ነው፣ የገባው በ1999 በእትም 3.0 ነው፣ ከዛ በፊትና ከዛም በኋላ ለብዙ ዓመት የአማርኛ ፎንቶች የእንግሊዝኛ ፊደል ቦታ ላይ የኛን ፊደል ስዕል እያስቀመጡ ነበር የሚሰሩት። ፋይሉ ውስጥ ያለው እንግሊዝኛ ነው፣ አማርኛ የሚያደርገው ፎንቱ ብቻ ነበር። ያንን ፎንት ካገኙት ከዊንዶውሱ ገልብጠው ኡቡንቱ ላይ ይጫኑት፣ የፎንት ፋይል ከፕሮግራም ፋይል በተለየ የትም ይሄዳል፣ ፈተናዎቹም ይነበባሉ። ከዛ ግን የሚፈልጓቸውን ቀስ እያሉ ወደ ዩኒኮድ ያዙሯቸው።

ጥያቄ፦ ለምን ሁሉም በአንድ ፎርማት አይስማሙም? የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ከደሴ

መልስ፦ ይሄን ጥያቄሽን በጣም ወደድኩት እህቴ፣ ምክንያቱም ፎርማቱ ላይ በከፊል ተስማምተዋል፣ ግን አልበቃም። ኤልፍ የተባለው ፎርማት ከዩኒክስ ሲስተም ፋይቭ የመጣ ነው፣ ዛሬ ሊኑክስም፣ ፍሪቢኤስዲ የሚባለው ሌላ ኦፕሬቲንግ ሲስተምም ይጠቀሙበታል፣ አንድሮይድ ስልክሽ ውስጥ ያሉት ላይብረሪዎችም እሱ ናቸው። ታዲያ የሊኑክሱ ኤልፍ ፍሪቢኤስዲ ላይ ዝም ብሎ አይነሳም። አንድ ነገር ብቻ ላሳይሽ። ፕሮግራም ኦፕሬቲንግ ሲስተሙን ሲለምን ስም አይጠራም፣ ቁጥር ነው የሚሰጠው። በኢንቴልና በኤኤምዲ ፕሮሰሰር የሚሰራ 64 ቢት ሊኑክስ ላይ ቁጥር 1 ማለት «ይሄን ጻፍልኝ» ማለት ነው። ፍሪቢኤስዲ ላይ ቁጥር 1 ማለት «ጨርሻለሁ፣ ዝጋኝ» ማለት ነው። አየሽ? ፖስታው አንድ፣ ቋንቋው አንድ፣ ግን አንዱ ሰፈር ጻፍ የሚለው ሌላው ሰፈር ሙት ሆነ! ስለዚህ ፍሪቢኤስዲ ለሊኑክስ ፕሮግራሞች ብሎ ቁጥሮቹን የሚያዛውር ክፍል ለብቻው አዘጋጅቷል።

ከዚህ ለማምለጥ የተሞከረው ብዙ ነው። ጃቫ በ1995 ሲወጣ አንድ ጊዜ ጻፍ የትም አስነሳ ብሎ ነበር የመጣው፣ መሀል ላይ የራሱን ምናባዊ ማሽን አስቀምጦ፣ ለባንክና ለትልልቅ ድርጅቶች በእርግጥም ሰርቷል። ብራውዘር ውስጥ ፕሮግራም የሚያስነሳው ዌብአሴምብሊ ደግሞ በ2019 መጨረሻ የድረ ገጽ መስፈርት ሆኖ ጸደቀ፣ ብራውዘሩ ራሱ ሰፈር ሆነ ማለት ነው። እኔን የሚገርመኝ ግን ጀስቲን ተኒ የሰራችው ነው፤ አንድ ፋይል፣ ያለምንም ለውጥ፣ ዊንዶውስም ሊኑክስም ማክም ላይ የሚነሳ። ዘዴው ምን መሰለሽ፣ ፋይሉ ኤም ዜድ ብሎ ይጀምራል፣ ዊንዶውስ ያንን አይቶ የኔ ኤግዚ ነው ይላል፤ ነገር ግን እነዛው ፊደሎች ከኋላቸው ካሉት ጋር ሲነበቡ ሊኑክስና ማክ ላይ የሼል ስክሪፕት (ማሽኑ በተራ የሚፈጽማቸው ትዕዛዞች የተጻፉበት ፋይል) የመጀመሪያ መስመር ይሆናሉ። እንደ ሰምና ወርቅ፣ አንድ መስመር ሁለት ንባብ። ፕሮግራሚንግ መማር ከፈለግሽ በፓይተን ጀምሪ፣ ፓይተን የተጫነበት ሁሉ ላይ ያው ፋይልሽ ይሰራልሻል።

ጥያቄ፦ አባቴ ባለፈው ዓመት አረፈ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ የዘር ሐረጋችንን ከጎንደር ሽማግሌዎች እየጠየቀ ኮምፒውተር ላይ ይጽፍ እንደነበር አስታውሳለሁ። አሁን ሳጥኑ ውስጥ 11 ዲስኬት አገኘሁ፣ አንዱ ላይ «የአማርኛ መጻፊያ» ይላል። ዩኤስቢ ዲስኬት ማንበቢያ ገዝቼ የመጻፊያውን ፕሮግራም ስከፍተው ዊንዶውስ 11 ይሄ ኮምፒውተር ላይ አይሰራም አለኝ። ተስፋ አለው? ከሜሪላንድ

መልስ፦ ነፍስ ይማር ወንድሜ። ተስፋማ አለው፣ ግን ቅደም ተከተሉን እንዳትስት።

መጀመሪያ ፕሮግራሙን እርሳው፣ ዲስኬቶቹን አድን። እያንዳንዱ ባለ 3.5 ኢንች ዲስኬት ጥግ ላይ የምትንሸራተት ትንሽዬ ፕላስቲክ አለች፣ ቀዳዳው ክፍት እንዲሆን ግፋት፣ ከዛ በኋላ ማሽኑ ሊጽፍበት አይችልም። ስትሰካው ዊንዶውስ «ፎርማት ላድርገው?» ካለህ በጭራሽ እሺ አትበል። ፋይል በፋይል ከመገልበጥህ በፊት የያንዳንዱን ዲስኬት ሙሉ ምስል ውሰድ፣ ምስሉን የሚያነሱ ነጻ ፕሮግራሞች አሉ፣ ዲስኬቱ 1.44 ሜጋባይት ስለሆነ 11ዱ ተደምረው ከጥቂት የስልክ ፎቶ አይበልጡም። አንዱ አልነበብ ቢል አስር ጊዜ አታስጨንቀው፣ ለመጨረሻ አቆየውና በሌላ ማንበቢያ ሞክረው። ምስሎቹን ሁለት ሶስት ቦታ አስቀምጥ፣ ለእህት ወንድሞችህም ላክላቸው።

ዊንዶውስ 11 እንቢ ያለህ ፕሮግራሙ 16 ቢት ስለሆነ ነው፣ 64 ቢት ዊንዶውስ የ16 ቢት ፕሮግራም ጭራሽ አያስነሳም፣ ዊንዶውስ 11 ደግሞ 32 ቢት የሚባል እትም የለውም። ዶስቦክስ የሚባል ነጻ ፕሮግራም ጫን። እሱ የድሮውን ኮምፒውተር ፕሮሰሰሩን ሳይቀር በሶፍትዌር ይሰራዋል፣ የአባትህ ፕሮግራም ወደ ቤቱ የተመለሰ ይመስለዋል። ከምስሎቹ ውስጥ ያሉትን ፋይሎች አንድ ፎልደር ውስጥ አውጥተህ ያንን ፎልደር ሲ ድራይቭ አድርገህ ስጠው። መነሻው ኤግዚ ላይሆን ይችላል፣ ዶት ኮም የሚል ፋይል ካየህ እሱን ሞክር፤ ከድረ ገጽ ጋር አይገናኝም፣ የዶስ ዘመን ቀላሉ የፕሮግራም ዓይነት ነው፣ ኤም ዜድ እንኳ የለውም፣ ፖስታ የሌለው ደብዳቤ በለው፣ ከ64 ኪሎባይት አይበልጥም፣ ማሽኑ አንስቶ ከመጀመሪያው ባይት ማንበብ ይጀምራል። ፕሮግራሙ የዊንዶውስ 3.1 ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ ዶስቦክስ ውስጥ ዊንዶውስ 3.1ን መጫን አለብህ፣ ይሄም ይቻላል።

ከተከፈተልህ ወዲያው በየገጹ ኮንትሮልና ኤፍ 5 እየተጫንክ የስክሪኑን ፎቶ አንሳ፣ ዶስቦክስ ራሱ ሴቭ ያደርግልሃል። ይሄን የምልህ ለባህር ዳሩ መምህር የነገርኩት ችግር እዚህም ስላለ ነው፣ ያኔ ዩኒኮድ ስለሌለ ፕሮግራሙ በራሱ ኮድ ነው ፊደሎቹን ያስቀመጠው፣ ጽሑፉን ዎርድ ላይ ብትከፍተው ትርጉም አይሰጥህም። ፎቶው እጅህ ላይ ካለ ግን ቀሪው የጊዜ ጉዳይ ነው፤ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ይገለብጠዋል፣ ወይም ፕሮግራሙ ውስጥ ራስህ ከሀ እስከ ፐ ሙሉውን ፊደል ጽፈህ ሴቭ አድርግና የቱ ፊደል በየትኛው ባይት እንደተቀመጠ አመሳክረህ ሰንጠረዥ አውጣ፣ ከዛ ሁሉንም ፋይል በአንዴ የምትቀይር አጭር የፓይተን ስክሪፕት ትበቃለች። ሰንጠረዡ እዚህ ደረጃ ላይ ከደረሰልህ ላክልኝ፣ ስክሪፕቷን እኔ እጽፍልሃለሁ።